ያልተሾሙት የጉርምርሜ አዛዥ

የአቶ ደርበው የዕለት ተግባራት፦

ጎሕ ሲቀድ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለሚገቡ ሰዎች የትኛው በር የማን እንደ ሆነ ማመልከት።
ከላሊበላ የሚመጣው አይሱዙ ወደ ገበያው ሲገባ ፊት ለፊቱ ቆሞ መምራት።
አህያ የሚጭኑ ሰዎችን ጭነታቸው ወዴት እንዳዘነበለ መንገር።
ቀብር ካለ፣ ከአስከሬኑ ፊት የኋሊት እየተራመዱ ተሸካሚዎችን ማሰለፍ።
ሠርግ ካለ፣ እንደዚሁ።
አጥር የሚያጥር ሰው ያጠረውን አፍርሶ እንደገና እንዲያጥር መምከር።
ወደ ቤት ተመልሶ ለወይዘሮ አልጣሽ መታዘዝ።
ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን፣ ከዚህ ሁሉ በተጨማሪ፣ የጉርምርሜን ወንዝ ማዘዝ።

ከእነዚህ ተግባራት አንዱን እንኳ የሰጣቸው የለም። ደመወዝ የላቸውም፤ ማኅተም የላቸውም፤ የሹመት ደብዳቤ የላቸውም። ያላቸው በትርና ድምፅ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መንደር በዚህች አገር ይገኛል የሚል ካለ የመንደሩን ስም ይጥራ። ያልተሾመ አዛዥ በየስፍራው አለ። መኪና ወደ ጠባብ ቦታ ሲገባ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ ፊት ለፊት ይገተራል፤ እጆቹን እያወዛወዘ «ና! ና! ና!» ይላል፤ ሾፌሩ በገዛ ዓይኑ የሚያየውን እንዳያይ ይከልለዋል። መኪናው ግንብ ቢገጭ «አልሰማ አለኝ» ብሎ ይሄዳል። ሳይገጭ ቢቀር ላቡን ጠርጎ ምስጋና ይጠብቃል። ብልባላ ላይ ይህን ከባድ ኀላፊነት አርባ ዓመት ሙሉ የተሸከሙት ክቡር አቶ ደርበው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ስልሳ ሦስት፣ ቁመታቸው ረጅም፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የረዘመ።

ክቡርነታቸው በሁለት ነገር ይታወቃሉ። አንደኛው ክፍያ አጠያየቃቸው ነው። በላስታ ገበሬ ዘንድ ወንፈል የተከበረ ሕግ ነው፤ ዛሬ አንተ በእኔ ማሳ ከዋልህ፣ ነገ እኔ በአንተ ማሳ እውላለሁ፤ ቀን በቀን ይመለሳል። አቶ ደርበው ይህን ሕግ ለአመራር አገልግሎትም አውለውታል። አይሱዙውን መርተው ሲያበቁ ወደ ሾፌሩ መስኮት ጠጋ ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንድ ቀን አለብህ» ይላሉ። አስከሬን ተሸክመው የዋሉትን ጎልማሶች ከቀብር መልስ እጃቸውን ሳይታጠቡ «አንድ አንድ ቀን አለባችሁ» ይሏቸዋል። ይህ ሁሉ ቀን ቢሰበሰብ የአቶ ደርበው ገብስ እስከ ዕለተ ምጽአት የሚያጭደው ሰው ባላጣ ነበር። የከፈለ ግን አንድም ሰው የለም።

ሁለተኛው ግራና ቀኛቸው ነው። ምንጊዜም ከሚመሩት ሰው ፊት ለፊት ስለሚቆሙና ምንጊዜም በገዛ እጃቸው ስለሚያስቡ፣ «ወደ ግራ!» ሲሉ የራሳቸውን ግራ ማለታቸው ነው፤ ያም ለሾፌሩ ቀኝ ነው። በዚህ ምክንያት የገዛ ባለቤታቸው የወይዘሮ አልጣሽ የጓሮ አጥር ሁለት ጊዜ ፈርሷል። በኋላ የብልባላ ሾፌር ሁሉ መላውን አገኘው፤ አቶ ደርበው ግራ ካሉ ወደ ቀኝ፣ ቀኝ ካሉ ወደ ግራ። ከዚያ ወዲህ አጥር ፈርሶ አያውቅም። አቶ ደርበውም ሕዝቡ በስተመጨረሻ መታዘዝ እንደ ተማረ አምነው በደስታ ይኖራሉ።

ማኅሌት ይህን ሁሉ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። ብልባላ ተወልዳ፣ ሐይቅ ከተማ አክስቷ ዘንድ አድጋ፣ በዚያው በሐይቁ ላይ ጀልባ መቅዘፍ ተምራ ተመልሳለች። ሦስት ዓመት ላሊበላ በአቶ ኢያቄም የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ አጥፋለች። ወደ ተከዜ ሊወርዱ የመጡ እንግዶች ሁለት ክረምት አሠልጥነዋት ሲሄዱ አንድ ቢጫ ካያክ ለማረፊያው ትተው ሄዱ። ካያክ ማለት አንድ ሰው ብቻ እስከ ወገቡ የሚገባባት፣ ሁለት አፍ ባለው መቅዘፊያ የሚነዳት፣ ተገልብጣ በወገብ ቅልጥፍና የምትቃና ጠባብ የፕላስቲክ ጀልባ ናት። የብልባላ ሰው ግን አንድ ጊዜ አይቶ ስም አወጣላት፤ «ገንዳው»።

ጉርምርሜ በበጋ አህያ ጉልበቱ ሳይረጥብ የሚሻገረው ወንዝ ነው። በክረምት ግን ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል ካሉት ተራሮች ቀይ አፈር አዝሎ፣ ከቋጥኝ ቋጥኝ እየተላተመ ይወርዳል። ስፋቱ በአንዳንድ ቦታ ከአንድ አይሱዙ አይበልጥም። ከላይ ከጥዶቹ እስከ ታችኛው ድልድይ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በዚያች አጭር መንገድ ግን ሰማንያ ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። እንዲህ ያለው ወንዝ ከጉልበት ይልቅ ልክ ይጠይቃል። የትኛውን ድንጋይ በየት በኩል ማለፍ፣ ከየትኛው ቋጥኝ ጀርባ ጸጥ ባለው ውኃ ገብቶ ትንፋሽ መሰብሰብ፣ በየትኛው ፏፏቴ አፍ ላይ የጀልባዋን አፍንጫ ማንሣት እንደሚገባ ቀድሞ ማወቅ ግድ ነው። አንዲት መቅዘፊያ ያለቦታዋ ከገባች የሚያርማት የለም።

አቶ ኢያቄም ቁርጡን ነግረዋታል። «እስከ ጳጉሜን አምስት ከላይ እስከ ድልድዩ ሳታቋርጪ ወርደሽ ካሳየሽኝ ገንዳው ያንቺ ነው። ከአዲስ አበባ እንመጣለን ያሉሽን ስድስት ቀዛፊዎችም በመጪው ክረምት አንቺው ትመሪያቸዋለሽ። ካልሆነ ግን ለላሞቼ ውኃ ማጠጫ አደርገዋለሁ። አንቺም ወደ አንሶላሽ።»

ስለዚህ ማኅሌት ነሐሴን ሙሉ ወንዙን ክፍል በክፍል ተማረችው። አቶ ደርበውም ነሐሴን ሙሉ ከዳር አልጠፉም።

«አንቺ ልጅ! ቀጥ በይ! ቀጥ!»

«አያ ደርበው፣ ገና ውኃው ውስጥ አልገባሁም እኮ!»

«መታዘዝ ሳይገቡ ነው! ከገቡማ በኋላ ማን ይሰማል?»

«ለመሆኑ ዋና ይችላሉ?»

«አዛዥ አይዋኝም።»

«እንግዲያው ይተዉኝ!»

«ይህ ወንዝ ለሴት ልጅ አይሆንም። ለወንድም አይሆንም። ለአህያም የሚሆነው በበጋ ነው። አትወርጂም ብያለሁ!»

እሷም ትወርዳለች። እሳቸው በጭቃው ላይ እየተንሸራተቱ፣ በትራቸውን እያወዛወዙ፣ እስከሚቀጥለው መታጠፊያ አብረዋት ይሮጣሉ። ስትወጣ ቁና ቁና እየተነፈሱ ይደርሳሉ።

«አንድ ቀን አለብሽ።»

«ያላዘዝሁትን አልከፍልም!»

ይህች መልስ ለማኅሌት እንደ ጸሎተ ሃይማኖት ሆነች። በዚያ ክረምት ከማንም አንዳች ነገር ላለመበደር ወስናለች። ክረምቱን አብረዋት ሊያሳልፉ ከሐይቅ የመጡት አክስቷ «ተዪው» ሲሏት አልተወችም፤ ገበያተኛው «አበደች» ሲል አልሰማችም። ገንዳውን በትከሻዋ ተሸክማ ሽቅብ ስትወጣ «ላግዝሽ» ያለውን ሁሉ በምስጋና መልሳለች። ከወንዙ በድል ብትወጣ በራሷ፣ ብትሸነፍም በራሷ።

ጳጉሜን አንድ ቀን ከከተማ አንድ ወጣት ባለሙያ መጣ። ደረቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሏል፤ ጫማው ነጭ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ። ማኅሌትን ወንዙ ዳር አገኛት።

«በዚህ ወንዝ ላይ በጀልባ መውረድ ጥናት እስኪካሄድ ድረስ አይፈቀድም» አላት።

«ጥናቱ መቼ ነው?»

«በበጋ።»

«በበጋ ውኃ የለውም።»

«ለጥናት የሚመቸውም ለዚያ ነው።»

ማኅሌት አፏን ስትከፍት ከኋላዋ በትር መሬት መታ።

«ማን ነህ አንተ?» አሉ አቶ ደርበው።

«ባለሙያ ነኝ፣ አባት።»

«ማን ሾመህ?»

ይህን ጥያቄ ብልባላ አርባ ዓመት ሙሉ ለአቶ ደርበው ሲያቀርብ ኖሯል። እሳቸው ሌላውን ሲጠይቁ ግን የተሰማው ያን ዕለት ብቻ ነው። ወጣቱ ደብዳቤ አውጥቶ ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከቁጥሩ እስከ ግልባጩ አነበቡት፤ ማኅተሙን ወደ ብርሃን አቅርበው አዩት፤ በመጣበት እጥፋት አጥፈው መለሱለት።

«ደብዳቤህ ደኅና ነው። ግን ስለ ጉርምርሜ አንዲት ቃል የለበትም። ይህን ወንዝ የማዘው እኔ ነኝ። አትወርጂም ያልኋትም እኔ ነኝ። የከለከልሁ እኔ ከሆንሁ የምፈቅደውም እኔ ነኝ። ማኅሌት!»

«አቤት!» አለች፤ እንዴት ከአፏ እንደ ወጣ እሷም አታውቅም።

«የሩፋኤል ዕለት ትወርጃለሽ።»

«ሪፖርት አደርጋለሁ» አለ ወጣቱ።

«አድርግ። ስሜን ግን አስተካክለህ ጻፈው።»

ወጣቱ በመጣበት አይሱዙ ተመለሰ። መኪናውን ከገበያው መርተው ያስወጡት ማን እንደ ሆኑ መናገር አያስፈልግም። ማኅሌት ግን ቆማ ቀረች። በሕይወቷ ስትሰማቸው ከኖሩት ትእዛዞች ሁሉ ልትፈጽመው የፈለገችው የመጀመሪያው ያ ነበር፤ በዚህም እጅግ ተናደደች።

ጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ ጠበል ነውና ሕዝቡ ሁሉ ከማለዳው ጀምሮ ወንዝ ዳር ነበር። ማኅሌት ቀደም ብላ ከታች እስከ ላይ በእግሯ ሄዳ ውኃውን አየች። ከሁሉ የሚያስፈራው «መንታ በር» የሚባለው ቦታ ነው። አንድ ትልቅ ቋጥኝ ወንዙን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ውኃውም በሁለት ጠባብ በሮች ይወድቃል። ከላይ የሚመጣ ሰው አፋፉ ላይ እስኪደርስ ድረስ ከበሮቹ ውስጥ ያለውን አያይም። በማለዳው ሁለቱም ንጹሕ ነበሩ፤ እሷም ግራውን መረጠች። የማረፊያው ዘበኛ ምስጋኑ ከመንታ በር በታች የአደጋ ገመድ ይዞ እንዲቆም ተነግሮታል። አቶ ደርበው ግን ገመዱን ቀምተውት «አንተ ሕዝቡን ወደ ኋላ መልስ» ብለው አዝዘውታል።

ማኅሌት ይህን አላየችም። ያን ጊዜ ከላይ ከጥዶቹ ሥር፣ የራስ ቁሯን ደፍታ፣ ውኃ እንዳይገባ ወገቧ ላይ የምትታጠቀውን የጎማ ቀሚስ በጀልባዋ አፍ ዙሪያ አጥብቃ ነበር። ከዚያ ገፋች።

ደረጃ በደረጃ የሚወርደውን የመጀመሪያውን ክፍል እንደ ጸሎት መጽሐፍ በቃሏ ተወጣችው። በሁለት ቋጥኞች መካከል ያለችውን ቀጭን መተላለፊያ ጀልባዋን በጎን አዘንብላ ሾለከቻት። ከአንድ ድንጋይ ጀርባ ገብታ ሦስት ጊዜ ተነፈሰች። ቁልቁል ስትመለከት አቶ ደርበውን አየች። ከመንታ በር በታች ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ቆመዋል፤ ገመዱን በትከሻቸው ጠምጥመዋል፤ በትራቸውን ዘርግተዋል። ያልተለመደው ነገር ጀርባቸውን ሰጥተዋት መቆማቸው ነው። እንደ ልማዳቸው ሕዝቡን የሚቆጡ መሰላት።

«ቀኝ!» አሉ፤ ያ ድምፅ የወንዙን ጩኸት ሰንጥቆ መጣ። «ቀኝ! ቀኝ! ቀኝ!»

አያ ደርበው ቀኝ ካሉ ግራ ነው። ይህን ብልባላ ያለ ሕፃን ያውቀዋል። እሷም የመረጠችው ግራውን ነው። ማኅሌት እየሣቀች ወደ ግራው በር ቀዘፈች።

አፋፉ ላይ ስትደርስ ግንዱን አየች። እሷ ሽቅብ ስትወጣ ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ አንድ ጥድ ከነሥሩ ነቅሎ አምጥቶ በግራው በር ላይ ጋርዶታል። ለመመለስ ጊዜ አልነበረም። ጀልባዋ ግንዱን መታች፤ ውኃው ከጀርባዋ ደርሶ አጣበቃት። የጎማ ቀሚሱን ከጀልባዋ አፍ ፈልቅቃ ወጣች፤ ግንዱ ላይ በደረቷ ተጋድማ ቅርንጫፍ ጨበጠች። እግሯን ውኃው ወደ ግንዱ ሥር ይስበው ጀመር።

ሕዝቡ ጮኸ። አቶ ደርበው ዞሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብልባላ እስከ ዛሬ ይተርከዋል። አቶ ደርበው አላዘዙም። በትራቸውን ጣሉት። የገመዱን አንድ ጫፍ ለምስጋኑ ወረወሩ፤ ሌላውን ይዘው፣ ዋና የማይችለው አዛዥ፣ እስከ ደረታቸው ውኃ ውስጥ ገቡ። ያን ጊዜ አርባ ዓመት የታዘዘው ሕዝብ በአንድ አፍ ተነሣ። «ወደ ላይ! አይደለም፣ ወደ ታች! እግርዎን ይትከሉ! ይወርውሩ! ገና! አሁን!» የመጀመሪያው ውርወራ ሳተ። ሁለተኛውም ሳተ።

«አንቱ ሰውዬ! ወደ ግራ!» የሚል ድምፅ ከሁሉ በላይ ተሰማ፤ ወይዘሮ አልጣሽ ነበሩ። «በእርስዎ ግራ! በገዛ ግራዎ!»

ሦስተኛው ውርወራ ማኅሌት ክንድ ላይ ወደቀ። በብብቷ ሥር አዙራ አሰረችው፤ ምስጋኑና ሕዝቡ ሳቡ፤ እሷንም እሳቸውንም አንድ ላይ ጎትተው ጭቃው ላይ አወጧቸው። ጥቂት ቆይቶ ቢጫዋም ጀልባ፣ ጎኗ ጎድጉዶ፣ በገመድ ወጣች።

«ቀኝ ብዬሽ ነበር» አሉ አቶ ደርበው። «ግንዱ ሲመጣ አየሁት። ቀኝ ብዬሽ ነበር።»

«የእርስዎ ቀኝ የኔ ግራ አይደለም እንዴ?»

ወይዘሮ አልጣሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ። «የኔ ጥፋት ነው፣ ልጄ። ትናንት ነገርኋቸው። ‹ፊት ለፊት ቆመው ግራ ሲሉ ለልጅቱ ቀኝ ነው፤ አጥሬን እንዳፈረሱት ያፈርሷታል› አልኋቸው። ሲጨነቁ ዋሉና ‹እንግዲያው ጀርባዬን ሰጥቻት እቆማለሁ፤ ያን ጊዜ ቀኜ ቀኟ ይሆናል› አሉኝ። ሰው ሁሉ ገልብጦ እንደሚሰማቸው ግን እንዴት አድርጌ ልንገራቸው? አሳዘኑኝ።»

አቶ ደርበው አርባ ዓመታቸውን ሁሉ በዚያች ቅጽበት መልሰው ያዩት መሰለ። ማኅሌት «አንድ ቀን አለብሽ» እስኪሏት ጠበቀች። አላሏትም።

ከድልድዩ ሮጠው የመጡት አቶ ኢያቄም ደነገጡላት። «ይበቃል፣ ማኅሌት። ግማሹን ወርደሻል፤ ግማሹን እቆጥርልሻለሁ።»

«ግማሽ አልወስድም» አለች። ጀልባዋን ገለበጠች፤ ውኃውን አፈሰሰች፤ የጎደጎደውን ጎኗን ከውስጥ በእርግጫ መታ አቀናችው። አክስቷ አለቀሱ፤ ሕዝቡ «ይብቃሽ» አለ። እሷ ግን ጀልባዋን በትከሻዋ አድርጋ አቶ ደርበው ፊት ቆመች።

«ልወርድ ነው። ይውጡና ድንጋይዎ ላይ ይቁሙ።»

«እኔ ከእንግዲህ አላዝም።»

«ያዛሉ እንጂ። ፊትዎን ወደኔ አዙረው ይቁሙ። እንደ ድሮዎ ይሳሳቱልኝ።»

በቀትር ላይ ሁለተኛ ወረደች። ደረጃው አለፈ፤ ቀጭኑ መተላለፊያ አለፈ። ከመንታ በር በታች አቶ ደርበው ውኃ ያዘለ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ፣ ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረው፣ በትራቸውን እስከ ሰማይ ዘርግተው ቆመዋል።

«ግራ!» ብለው ጮኹ። «ግራ! ግራ!»

ማኅሌት ወደ ቀኝ ቀዘፈች። የጀልባዋን አፍንጫ አነሣች፤ ዘለለች፤ ከአረፋው በላይ ወደቀች። እስከ ድልድዩም ማንም አላስቆማት። አቶ ኢያቄም ገንዳው የእሷ መሆኑን በሕዝብ ፊት ተናገሩ፤ የአዲስ አበባዎቹ ቀዛፊዎችም በዚያው ሳምንት ወሬው ደረሳቸው።

ዓመቱ ተለወጠ፤ አቶ ደርበውም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አይሱዙውን ይመራሉ፤ አህያ ጫኞችን ይገሥጻሉ፤ «አንድ ቀን አለብህ» ይላሉ። ማኅሌትን ሲያዩ ግን ሰላምታ ሰጥተው ያልፋሉ። መስከረም አለፈ፤ ጥቅምት አለፈ፤ ያችን ቃል አላሏትም። ክረምቱን ሙሉ ጆሮዋን ያሰለቻት ቃል ስትቀር ከብልባላ አንድ ድምፅ የጎደለ መሰላት።

በኅዳር መባቻ፣ ማጭዷን ይዛ በማለዳ ከገብስ ማሳቸው ገባች። አቶ ደርበው ከዳር ብቅ አሉ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ቀን አለብኝ።»

«የለብሽም። ግንዱ ላይ የላክሁሽ እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ቀኝ ነው ያሉኝ፤ ልክም ነበሩ። ያላመንሁዎ እኔ ነኝ።»

«አልጠየቅሁሽም እኮ! ማን አዘዘሽ?»

«ማንም። እንደ እርስዎ።»

አቶ ደርበው በትራቸውን አነሡ።

«ዝቅ በይ! ማጭዱን ዝቅ! ነዶውን ወደ ግራ!»

ማኅሌት ነዶውን በስተ ቀኟ አኖረች። ቀኑን ሙሉ አጨደች፤ ቀኑን ሙሉ ታዘዘች። ፀሐይ ስትጠልቅ የዕለቱን የመጨረሻ ነዶ አሰረች።

የአንድ ቀን ዕዳዋ ሙሉ በሙሉ ተከፈለ።